የፎርክሊፍት ነጂን ቴሌሃንድለር ላይ ለማውጣት በግቢው ውስጥ የሚሰጥ ሥልጠና ይበቃል?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁም። ከአገልግሎት የወጡ የዲዝል ጄኔሬተሮችና ትራንስፎርመሮች በሚፈቱበት ግቢ የሥራ ኃላፊ ነኝ። እስካሁን ዕቃ የምናነሣው በፎርክሊፍትና በኪራይ ክሬን ነበር፤ አሁን ድርጅታችን ባለ 4 ቶን ያገለገለ ቴሌሃንድለር (ሹካው ወደ ፊት በሚዘረጋ ረጅም ክንድ ጫፍ ላይ ያለ የጭነት ማንሻ ማሽን) ገዝቷል። ፎርክሊፍት ለዓመታት የነዱ ልጆች ስላሉን አለቆቼ «ፈቃድ አላቸው፤ ይኼም ያው ሹካ ያለው ማሽን ነው፤ ትንሽ ይለማመዱበትና ሥራ ይጀምሩ» ይላሉ። እኔ ግን አላመንኩበትም። አሠልጣኝ ወደ ግቢያችን ማምጣት ይሻላል ወይስ ልጆቹን አዲስ አበባ መላክ? ከሥልጠናውስ ጨርሶ መቅረት የሌለበት ምንድን ነው?

መልስ (የማሽነሪ አሠልጣኝ፣ ደሴ)

ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ልምድ ባለው የፎርክሊፍት ነጂ ላይ የሚያሰጋው እጁ የለመደው ነገር ነው። በፎርክሊፍት ጭነቱ ሲከብደው ወደ መሬት ያወርደዋል፤ ሹካው ቀጥ ብሎ ስለሚወርድም ጭነቱ ከፊት ጎማው ያለው ርቀት አይለወጥም። የቴሌሃንድለር ክንድ ግን ከኋላ በኩል ተሰክቶ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዞር ስለሆነ፣ ቀና ብሎ የተዘረጋ ክንድ ሳይሰበሰብ ዝቅ ሲል ጭነቱ ወደ ፊት ይርቃል፤ የኋላው ጎማ እየቀለለ ይመጣና ማሽኑ በአፍንጫው ይደፋል። ማሽኑ ሊደፋ ሲል የሚያስጠነቅቀው ማንቂያ ሲጮህ መጀመሪያ ክንዱን መሰብሰብ፣ ከዚያ ማውረድ ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች አደገኛውን እንቅስቃሴ ራሳቸው ያግዳሉ፤ በብዙዎቹ አሮጌዎች ላይ ግን ድምፅና መብራት ብቻ ስላለ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ። ደግሞም ማንቂያው የሚለካው ወደ ፊት የመደፋትን አደጋ እንጂ ወደ ጎን የመውደቅን አይደለም፤ ለዚያ ኦፕሬተሩ ማየት ያለበት ጋቢናው ውስጥ ያለችውን የውኃ ልክ ነው።

ለልምምድ አንድ ሺህ ሊትር የሚይዘውን ባለ ፍርግርግ የፕላስቲክ ታንከር ውኃ ሙሉ አድርገው ይጠቀሙ፤ ታንከሩን ጨምሮ ከ1 ቶን ጥቂት ይበልጣል። ከፊት ጎማው ጀምሮ መሬቱን በሜትር ለክተው በኖራ ያስምሩና ሠልጣኙ ከማንሣቱ በፊት የጭነት ሰንጠረዡን አንብቦ ክንዱ የት መስመር ድረስ መዘርጋት እንደሚችል ይናገር፤ ከዚያ ብቻ ሞተር ያስነሣ። ባለ 4 ቶን ማሽን ክንዱ እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ የሚችለው ብዙ ጊዜ ከ1 ቶን በታች ነው። «ባለ 4 ቶን ነው» እያሉ የሚያወሩት ሁሉ ሰንጠረዡን ያላዩ ናቸው።

ስለ ቦታው ከጠየቁኝ አሠልጣኙ ይምጣላችሁ። ንድፈ ሐሳቡን የትም መማር ይቻላል፤ ግቢያችሁን፣ መሬታችሁንና የገዛችሁትን ማሽን ግን አዲስ አበባ አያገኟቸውም።

መልስ (የሥራ ደኅንነት ባለሙያ)

በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ፤ የሕጉን በኩል ብቻ ልጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛው በሥራው ላይ ሊደርስበት ስለሚችለው አደጋና ስለ ጥንቃቄው ተገቢውን መመሪያ እንዲያገኝ የማድረግ ግዴታ ይጥልበታል። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ መኖሩ ብቻውን አለቆችዎን ከኃላፊነት አያድናቸውም። አሜሪካኖች ቴሌሃንድለርንም በሚጨምረው ደንባቸው ትምህርት፣ የተግባር ልምምድ እና በሥራ ቦታው የሚደረግ ምዘና ሦስቱንም ይጠይቃሉ፤ ምዘናውም ቢያንስ በየ3 ዓመቱ ይደገማል። እኛን ባያስገድደንም እንደ አርአያ ሊወሰድ ይችላል። የእያንዳንዱን ሠልጣኝ ምዘና በወረቀት አስፈርመው ያስቀምጡ።

መልስ (የኤሌክትሪክ ቴክኒሺያን)

ጭነታችሁ ትራንስፎርመር ከሆነ ሥልጠናው ስለ ማሽኑ ብቻ መሆን የለበትም። በትራንስፎርመሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ ጠቅላላ ክብደቱንና የዘይቱን ክብደት ለየብቻ ይጽፋል፤ ኦፕሬተሩ ይህን ሰሌዳ ማንበብ ይልመድ። ዘይቱ በግማሽ የተቀዳ ትራንስፎርመር ሙሉ ከሆነው የባሰ ነው፤ ማሽኑ ሲዞር ወይም ፍሬን ሲይዝ ውስጡ ያለው ዘይት ወደ አንድ ወገን ይሄድና ሚዛኑን ያናጋል። ወይ ሙሉውን ያንሡት፣ ወይ ጨርሶ ይቅዱት። የጭነት ሰንጠረዡ የሚሠራው የጭነቱ መሐል ከሹካው ተረከዝ (ሹካው ወደ ላይ ከሚታጠፍበት) በተወሰነ ርቀት ላይ፣ ብዙ ጊዜ 500 ወይም 600 ሚሊ ሜትር ላይ ሲሆን ነው፤ ሰፊ ታንክና በአንድ ወገን ራዲያተር ያለው ትራንስፎርመር ከዚህ ያልፋል። እንዲህ ያለውን በሹካ ከማንሣት ለክሬን መተው ይሻላል።

የቆየ ዘይት ፒሲቢ የተባለው መርዛማ ኬሚካል ሊኖርበት ስለሚችል፣ የሚያንጠባጥብ ትራንስፎርመር ዘይቱ ሳይመረመር በሹካ እንዳይነካ ለልጆቹ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሠልጣኝ ወደ ግቢያችን እንዲመጣ ዛሬ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የግቢያችን ግማሽ ኮረት የለበሰ ሲሆን ግማሹ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ምን እናድርግ?

መልስ (የማሽነሪ አሠልጣኝ፣ ደሴ)

ዋልካ ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥሩ ይሰምጣል፤ አንደኛው ጎማ ትንሽ ዝቅ ቢል ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው ጭነት በብዙ እጥፍ ወደ ጎን ይሄዳል። የማንሣት ሥራውን በሙሉ ወደ ኮረቱ ያዙሩት፤ ማሽኑ የድጋፍ እግር ካለው ከእግሩ ሥር ሰፊ ሳንቃ ወይም የብረት ሰሌዳ ያንጥፉ። ዋልካው ላይ የግድ ማለፍ ካለበት ክንዱ ሙሉ በሙሉ ተሰብስቦ፣ ጭነቱ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ብቻ ይለፍ። ምዘናውንም በበጋ ጨርሳችሁ አትዝጉት፤ ዝናብ ሲገባ እዚያው መሬት ላይ ይደገም።