የሞንጎመሪ ካውንቲን ፕራይመሪ በፕሪሲንክት ስንተነትን የሐበሻ ድምፅ ለብቻው ይወጣል?

አቤል ዘሲልቨር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጁላይ 19፣ 2022 በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ በተካሄደው የዴሞክራቶች ፕራይመሪ (የፓርቲው እጩ የሚለይበት ቅድመ ምርጫ)፣ ለካውንቲ ኤክስኪዩቲቭነት (ለካውንቲው ዋና አስተዳዳሪነት) የተወዳደረው ማርክ ኤልሪክ ዴቪድ ብሌየርን የረታው በ32 ድምፅ ነው፤ ያውም ከድጋሚ ቆጠራ በኋላ። በ2018 በእነዚሁ ሁለት ሰዎች መካከል የነበረው ልዩነት 77 ነበር። የፕሪሲንክት (የአንድ ምርጫ ጣቢያ ክልል) ውጤቱን አውርጄ ከሕዝብ ቆጠራ ጋር በማዋሃድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያለው ሐበሻ ማንን እንደመረጠ ማውጣት እፈልጋለሁ። የትኛውን ሰንጠረዥ፣ የትኛውን ዘዴ ልጠቀም? ጥቁር ነዋሪ የሚበዛበትን ፕሪሲንክት ቀለም ቀብቼ ካርታ ብሠራ ይበቃል?

የካርታ ሰው፦
አይበቃም ወንድሜ፤ ከቀለሙ በፊት ብዙ ሥራ አለ። መጀመሪያ የፕሪሲንክቶቹን ድምር ከጸደቀው የካውንቲ ውጤት ጋር አስተያይ። ካልገጠመ የቀረው የፖስታ ድምፅ፣ ቀድሞ የተሰጠ ድምፅ ወይም በጊዜያዊነት የተያዘ (መራጩ እስኪጣራ የቆየ) ድምፅ ነው፤ እነዚህ ለየፕሪሲንክቱ ሳይከፋፈሉ ለካውንቲው በጥቅል ተመዝግበው ሊሆን ይችላል። በ2022 ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። የፖስታው ቆጠራ የተጀመረው ከምርጫው ዕለት በኋላ ነው፤ በዕለቱ ማታ ብሌየር ይመራ ነበር፤ ኤልሪክ ያለፈው ፖስታው ሲገባ ነው። የዕለቱን ድምፅ ብቻ ይዞ የተሠራ ካርታ የተሸነፈውን ሰው አሸናፊ አድርጎ ያሳያል።

በጥቅል የመጣውን የፖስታ ድምፅ በእጩው የዕለት ድርሻ መጠን ለየፕሪሲንክቱ አትበትነው። በፖስታ የሚመርጠውና ጣቢያ ድረስ የሚሄደው አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። በየፕሪሲንክቱ ስንት ሰው በፖስታ እንደመረጠ ከመራጮች መዝገብ ቁጠርና በዚያ ልክ አከፋፍል፤ እሱም ግምት መሆኑን ካርታው ላይ ጻፍ።

የፕሪሲንክት ኮዱን ደግሞ እንደ ጽሑፍ አስገባ። በሰረዝ የተከፈለ ኮድ፣ ለምሳሌ 5-12፣ ኤክሴል ውስጥ በድብል ክሊክ ሲከፈት ቀን ይሆናል፤ ከፊት ያለው ዜሮም ይጠፋል። ከዚያ ከሼፕፋይሉ (የፕሪሲንክቶቹን ድንበር ከያዘው የካርታ ፋይል) ጋር ሲገናኝ ግማሹ ባዶ ይወጣና ሰው ሶፍትዌሩን ይወቅሳል።

2018ን ከ2022 ጋር በኮድ ብቻ ማነጻጸርም አይሆንም። በመካከሉ የካውንስል ዲስትሪክቶቹ (የካውንቲው ምክር ቤት የምርጫ ክልሎች) ከ5 ወደ 7 ስላደጉ ድንበሮች ተነካክተዋል። ሁለቱንም ወደ 2020 የቆጠራ ብሎክ (የሕዝብ ቆጠራው ትንሹ የመሬት ክፍል) አውርድና መልሰህ ሰብስብ። ስታከፋፍል ሚዛንህ 18 ዓመት የሞላው ሕዝብ ይሁን እንጂ የመሬት ስፋት አይሁን። የካውንቲው ሲሶ ገደማ ለእርሻ የተከለለ መሬት ነው፤ በስፋት ካከፋፈልክ ድምፁን ለበቆሎ ትሰጠዋለህ። አንድን ብሎክ ለብቻው ግን አትመን፤ በ2020 ለምስጢር ጥበቃ ሲባል ሆን ተብሎ ቁጥሩ ተነካክቷል፤ ብዙ ብሎኮች ሲደመሩ ስህተቱ እርስ በርሱ ይካካሳል።

እቴጌ ቁጥር፦
ስለ ሰንጠረዡ። “ጥቁር” የሚለው ዓምድ ሐበሻውን ከአፍሪካ አሜሪካዊው፣ ከጃማይካዊው ጋር አንድ ላይ ያስገባዋል፤ ለጥያቄህ አይጠቅምም። በዕድሜና በዜግነት የተለየው የመራጭ ሕዝብ ሰንጠረዥም እንደዚያው ዘርን እንጂ አገርን አይለይም። የቋንቋ ሰንጠረዥም በትራክት (ብዙ ብሎኮችን የያዘ የቆጠራ ሰፈር) ደረጃ አማርኛን “ሌሎች” ውስጥ ይከተዋል። የሚሻለው በ2023 የወጣው ዝርዝር የ2020 ቆጠራ ፋይል ነው፤ በቅጹ ላይ “ኢትዮጵያዊ” ብሎ የጻፈውን እስከ ትራክት ያሳያል። ሕፃናትንም ዜግነት ያላገኘውንም ስለሚቆጥር ግን የመራጭ ቁጥር አይደለም።

በየዓመቱ ከሚካሄደው የናሙና ጥናት የትውልድ አገር ሰንጠረዥ ከወሰድክ የስህተት ህዳጉን (ግምቱ ወደላይ ወይም ወደታች ሊስት የሚችልበትን መጠን) አብረህ ያዝ። ህዳጉን ለ1.645 ስታካፍል መደበኛ ስህተቱ ይወጣል። 240 ሰው፣ ህዳግ 190 የሚል ትራክት ሲያጋጥምህ፣ ያ ቁጥር የለም ማለት ይቀላል። ጎረቤት ትራክቶችን ደምር፤ ህዳጎቹን ግን እንዲሁ አትደምራቸው፤ እያንዳንዱን በራሱ አብዛ፣ ደምር፣ ከዚያ ካሬ ሥሩን ውሰድ።

አካፋዩም ወሳኝ ነው። የሜሪላንድ ፕራይመሪ ዝግ ነው፤ በዚህ ፉክክር ድምፅ የሚሰጠው በዴሞክራትነት የተመዘገበ ብቻ ነው። ተሳትፎን በጠቅላላ ተመዝጋቢ ካካፈልክ፣ ፓርቲ ሳይመርጥ የተመዘገበው ሁሉ “ቤቱ ቀረ” ይባልበታል።

ዳኛው፦
ዋናው ጥያቄ ግን ማንን መረጡ ነው፤ እዚያ ላይ ሒሳቡ ራሱ ያቆምሃል። ከአንድ ፕሪሲንክት መራጮች 60 በመቶው የምትፈልገው ቡድን ይሁን፤ እጩው 75 በመቶ ያግኝ። ሌሎቹ 40ዎቹ በሙሉ መርጠውታል ብንል እንኳ 35ቱ ከቡድኑ መምጣት አለባቸው፤ 35 ለ60 ሲካፈል 58 በመቶ። የቡድኑ ድጋፍ ከ58 እስከ 100 ነው ማለት ነው፤ ጥሩ መረጃ። አሁን ቡድኑን 20 በመቶ፣ እጩውን 45 በመቶ አድርግ። መልሱ ከ0 እስከ 100 ይሆናል፤ ምንም አልተነገረህም። የጉድማን ሪግሬሽንም የኪንግ ኢአይም (የቡድንን ምርጫ ከፕሪሲንክት ድምር የሚገምቱ ሁለት የስታቲስቲክስ ዘዴዎች) ይህን ክፍተት የሚሞሉት በግምት ነው። ሐበሻ በብዛት የሚገኝበት ፕሪሲንክትህ 20 በመቶ ላይ ከቆመ፣ የጉድማንን መስመር ቡድኑ 100 በመቶ እስከሚሆንበት ድረስ ስትስበው “108 በመቶ ደገፉት” የሚል ውጤት ቢወጣ አይግረምህ።

አቤል ዘሲልቨር፦
ታዲያ ምን ይቀራል? የመራጮችን መዝገብ በስም ባጣራስ?

እቴጌ ቁጥር፦
እሱ ማን ወጥቶ እንደመረጠ ይነግርሃል፤ ማንን እንደመረጠ አይነግርህም። መዝገቡን በማመልከቻ ማግኘት ይቻላል፤ ለንግድ መጠቀም ክልክል ነው። የፈረንጅ ስም ማጣሪያ ግን ለእኛ አይሠራም። ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጆች በባልየው ስም፤ አንድ ቤት ሦስት “የቤተሰብ ስም” ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ ቤተሰብን በስም ሳይሆን በአድራሻ ሰብስብ። ጸጋዬ በላቲን ፊደል አንዴ በኤስ፣ አንዴ በቲኤስ ተጀምሮ ይጻፋል። ገብረ መድኅን ለሁለት ተከፍሎ “ገብረ” መካከለኛ ስም ሆኖ ይገኛል። ዳንኤል፣ ሰሎሞን፣ አሕመድ ብቻቸውን ምንም አያረጋግጡም፤ የራስም የአባትም ስም ዝርዝርህ ላይ ሲገኝ ብቻ ቁጠር። ኤርትራውያንም አብረው ይገባሉና ርዕስህን “ኢትዮጵያውያን” አትበለው።

ከዚያ በዘፈቀደ 200 ስም አውጥተህ አንድ ሐበሻ በዓይኑ ይመርምራቸው፤ ስንቱ በስህተት ገባ፣ ከተጣለውም 200 ውስጥ ስንቱ ቀረ የሚለውን ከውጤቱ ጎን ጻፍ። የምታወጣው የፕሪሲንክት ድምር ይሁን፤ የሰው ስም አይውጣ።

ዳኛው፦
“ሐበሻ ወሰነው” የሚል ርዕስም ተው። ልዩነቱ 32 ድምፅ ሲሆን፣ አንድ ትልቅ የአፓርታማ ሕንፃም ያን ያህል ወስኖታል።