የባህር ወለል ናዳ፦ ሰፊው ካርታ ይቅደም ወይስ ጥልቁ ምርመራ?

አወያይ፦ ከውሃ በታች ያለ ተዳፋት ተንሸራትቶ ሲወርድ የባህር ወለል ናዳ ይባላል፤ ሱናሚ የሚባለውን አጥፊ ሞገድም ሊያስነሣ ይችላል። በሕዝብ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ የምርምር መርከቦች ባህር ላይ የሚቆዩበት ቀን የተቆጠረ ነው። ያ ቀን መላውን የባህር ወለል እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለክቶ ለመጨረስ ለተነሣው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት፣ ለ«ሲቤድ 2030» ይዋል? ወይስ ናዳ መኖሩ በታወቀባቸው ተዳፋቶች ላይ ከወለሉ በታች ያለውን ለመመርመር? (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አድማስ፦ ሰፊው ይቅደም። ሥራው በ2017 ተጀምሮ እስከ 2025 አጋማሽ በሶናር (ድምፅ ልኮ በማሚቶው ጥልቀት በሚለካ መሣሪያ) የተለካው የወለሉ 27.3 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው በአብዛኛው ከሳተላይት የስበት ልኬት የተገመተ ስለሆነ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የናዳ ጠባሳ (ናዳው ተንሸራትቶ የተነሣበት ቦታ) እንኳ እዚያ ላይ አይለይም። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ላይ በ1998 ከ2,000 በላይ ሰው የፈጀውን ሱናሚ አስቡት። የመሬት መንቀጥቀጡ መጠን 7.0 ነበር፤ ለዚያ ሞገድ አይበቃም። ከባህር ዳርቻው ፊት ለፊት የተንሸራተተው ደለል በካርታ የታየው መርከቦች በማግስቱ ዓመት ሄደው ሲለኩ ነው። በዋጋም ቢሆን፣ በ3,000 ሜትር ጥልቀት 120 ዲግሪ የሚዘረጋ ሶናር 10 ኪሎ ሜትር ስፋት ይጠርጋል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መርከብ፣ ጎን ለጎን ያሉት ጥርጊያዎች የሚደራረቡበት ሳይቀነስ፣ በቀን 3,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል ማለት ነው።

ደለል፦ ወንድሜ አድማስ፣ ስፋቱን ነገርከን እንጂ የካርታውን ካሬ (አንድ የጥልቀት ቁጥር ብቻ የሚሰጠውን ቁራጭ) መጠን አልነገርከንም። ከ3,000 እስከ 5,750 ሜትር ጥልቀት የተቀመጠው ግብ 400 ሜትር በ400 ሜትር ነው። 50 ሜትር ከፍታ ያለው የጠባሳ ጠርዝ እዚያ ካሬ ውስጥ ሲገባ ለስላሳ ቁልቁለት ይመስላል፤ ከናዳው ጋር የተጓዙ 200 ሜትር የሚያህሉ ቋጥኞች ደግሞ ጨርሶ ይጠፋሉ። ከዚህ የሚብሰው ግን የገጹ ቅርጽ ዕድሜ የማይናገር መሆኑ ነው። ከኖርዌይ ወዲያ ያለው ስቶሬጋ ከ8,000 ዓመት በፊት የሆነ አንድ ናዳ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ2023 የወጣው ጥናት የተወሰደውን ደለል ሲሶ ያህል ከ20,000 ዓመት በፊት ለነበረ ሌላ ናዳ፣ ለኒዬጋ ሰጠው። ሞገዱን የሚያሰላ ሰው የሚያስገባው መጠን በዚያው ልክ ይለወጣል። ይህን ያሳየው የገጹ ካርታ አይደለም፤ ከታች ያሉትን ንብርብሮች የሚያነብ ልኬትና ከወለሉ የወጣ ናሙና ነው።

መልሕቅ፦ ሁለታችሁም አንድ ነገር ዘለላችሁ። 400 ሜትሩ የሚታተመው ካርታ ነው እንጂ ጥሬው ልኬት አይደለም። አንድ ዲግሪ ስፋት ያለው የሶናር ጨረር በ3,000 ሜትር ጥልቀት ላይ 52 ሜትር ገደማ ወለል ይሸፍናል፤ ስለዚህ ጥሬው ፋይል ይቀመጥ፣ ይከፈትም። ሁለተኛ፣ በዚያው ጉዞ 3.5 ኪሎ ኸርትዝ የሚልከው፣ ከወለሉ በታች ያሉትን ንብርብሮች የሚያሳየው የደለል ሶናር አብሮ ይብራ፤ ተጨማሪ የመርከብ ቀን አይጠይቅም። የናዳ ጎርፍ (ከናዳው የሚወርደው የደለልና የፍርስራሽ ፍሰት) ክምችት እዚያ ላይ ንብርብር የሌለው፣ ደብዛዛ ምስር መሳይ አካል ሆኖ ይወጣል፤ ከሥሩ ያሉት ንብርብሮች የተቆረጡ ከሆነ ጎርፉ እየፋቀ ሄዷል ማለት ነው። ይህ መሣሪያ በለስላሳ ጭቃ በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ይዘልቃል። አሸዋ ወይም ወፍራም ፍርስራሽ ሲያገኝ ግን ቶሎ ይቆማል፣ የክምችቱም መሠረት አይታይም፤ ያኔ የአየር ጠመንጃ ሳይዝሚክ (በታመቀ አየር ጠንካራ ድምፅ ልኮ ጥልቅ ንብርብሮችን የሚያሳይ ልኬት) ያስፈልጋል።

ብዙ ካርታ የሚበላሸው ድምፅ በውሃው ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት በትክክል ሳይያዝ ሲቀር ነው። የውሃው ሙቀትና ጨው ተለውጦ የድሮው ልኬት ከቀጠለ የጥርጊያው ሁለት ዳር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይታጠፋል። ከዚያ በየ10 ኪሎ ሜትሩ ቀጥ ያሉ ጠርዞች ይወጣሉ፣ ልምድ የሌለው ሰውም የናዳ ጠባሳ ብሎ ይሰይማቸዋል። መፍትሔው በየጥቂት ሰዓቱ ፍጥነቱን እንደገና መለካትና ሌሎቹን መስመሮች የሚያቋርጥ አንድ መስመር መሄድ ነው። የእውነት ጠርዝ በሁለቱም አቅጣጫ ይታያል፤ የመርከቡን መንገድ ብቻ የሚከተል ጠርዝ ከካርታው ይውጣ።

ደለል፦ ተቀበልኩ፤ ዕድሜው ግን አሁንም ናሙና ይፈልጋል፣ ቦታውም በዘፈቀደ አይመረጥም። ናሙና የሚያወጣውን ቱቦ ክምችቱ መሐል ብትጥለው ጠንካራው ፍርስራሽ ያቆመዋል። ክምችቱ የሚሳሳበት ዳር ላይ ከሆነ ግን ከ6 እስከ 10 ሜትር ቱቦ ከላይ የተኛውን ጭቃ፣ ናዳውንና የሥሩን ደለል አንድ ላይ ያወጣል። ዕድሜውን የሚነግረው ካርቦን 14 የሚለካው ከናዳው በላይና በታች ካሉት የፎራሚኒፌራ (ጥቃቅን የባህር ፍጥረታት) ዛጎሎች ነው። ጎርፉ የሥሩን ደለል ፍቆ ከሆነ የታችኛው ዕድሜ ከሚገባው በላይ ያረጃል፤ ያኔ የላይኛውን እመኑ፣ እሱም ዝቅተኛውን ዕድሜ ብቻ ይሰጣል፤ ናዳው ቢያንስ ያን ያህል ያረጀ ነው ማለት ነው። ከ50,000 ዓመት ወዲያ ካርቦኑም አያገለግልም።

አድማስ፦ ናሙናውን አልተቃወምኩም። ግን ቱቦ የሚጣልበትን ቀጭን ዳር ያለ ካርታ ማን ያገኘዋል? በ1929 ካናዳ ፊት ለፊት ባህር ውስጥ ካለው ግራንድ ባንክስ የተነሣው ናዳ 12 የቴሌግራፍ ገመዶችን በተከታታይ በጠሰ፣ ሞገዱም ኒውፋውንድላንድ ላይ 28 ሰው ገደለ። ዛሬም ገመድ የሚዘረጋባቸው ብዙ ተዳፋቶች ገና አልተለኩም።

ደለል፦ እንግዲያው ከሜዳው ጥልቅ ወለል በፊት ሰው የሚኖርባቸው ባህር ዳርቻዎች ፊት ያሉት ተዳፋቶች፣ ከ200 እስከ 3,000 ሜትር ያሉት፣ ይለኩ። መቶኛው ቀስ ብሎ ይደግ። ለ2030 ግብ ሲባል መርከቡ ጠፍጣፋውን ሜዳ መርጦ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ አልስማማም።

መልሕቅ፦ በዚህ ከደለል ጋር ነኝ፤ አንድ ነገር ልጨምር። በስቶሬጋ ጠባሳ ውስጥ በ1997 የኦርመን ላንጌ ጋዝ ስለተገኘ ነው አካባቢው ያን ያህል የተመረመረው። ከባህር ጋዝ የማውጣት ፈቃድ የሚሰጥ መንግሥት ሁሉ የኩባንያውን የወለል ልኬት፣ ጥሬውን ጭምር፣ ለሕዝብ እንዲያስረክብ ፈቃዱ ላይ ይጻፍ። ያ ልኬት አንድም የሕዝብ መርከብ ቀን አይወስድም።