የአንገት ነርቭ ተጭኖብኛል፤ ያለ ኦፕራሲዮን የዳነ አለ?

ጥልፍ ሠሪዋ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ እሠራለሁ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ አንገት ደፍቶ መዋል ነው። ከሁለት ወር በፊት ከማጅራቴ ተነስቶ በቀኝ ትከሻዬ እስከ አውራ ጣቴ የሚወርድ ሕመም ጀመረኝ። ሲብስበት እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ደንዝዘዋል። ባለፈው መርፌ ወግቶኝ ያወቅኩት ደሜን ነጩ ቀሚስ ላይ ሳየው ነው። የደንበኛ ልብስ ነበር፤ ከፈልኩ።

ኤምአርአይ ተነሳሁ። በአምስተኛውና በስድስተኛው የአንገት አጥንት መሀል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ተጭኗል አሉኝ። ሐኪሙ "አሁን ኦፕራሲዮን አያስፈልግሽም፤ በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ ስድስት ሳምንት እንሞክር" አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። የወጣ ዲስክ በስፖርት ይመለሳል እንዴ? እህቴ ወጌሻ ጋ ካልወሰድኩሽ ትላለች። ጎረቤቴ ደግሞ የነርቭ መርፌ ተወጊ ትለኛለች። ማንን ልስማ?

አንድ ነገር ልጨምር፣ እንዳትስቁብኝ። እጄን አናቴ ላይ ሳደርግ ሕመሙ ቀለል ይለኛል። እናቴ ግን "አውርጂ! የማንን ሞት ልትጠሪ ነው?" ብላ ትቆጣኛለች። ይሄስ ምንድን ነው?

የሚኒባስ ሹፌር፦

እህቴ አይዞሽ። እኔም የዛሬ ሦስት ዓመት በግራ በኩል ይዞኝ ነበር። ረዳቴ በሩን ጓ አድርጎ ሲዘጋው እንኳን እስከ ጣቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ያለ ኦፕራሲዮን ነው የዳንኩት። ሁለት ወር ተኩል ፈጅቶብኛል።

ስህተቴን ልንገርሽ። የአንገት ኮላር ገዛሁና ሁለት ወር ሙሉ ሌት ተቀን አደረግኩት። ስፈታው አንገቴ ጭንቅላቴን መሸከም አቃተው። ፊዚዮቴራፒስቷ "ማን ይሄን ያህል አድርግ አለህ?" ብላ ጮኸችብኝ። ማንም አላለኝም፤ በራሴ ነው።

ሌላው ትራስ ነው። ሁለት ትራስ ደርቤ ነበር የምተኛው፤ አንዱን ጣልኩት። በሆድ መተኛትም ተውኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀመርኩ።

ፊዚዮ ከጎንደር፦

ከእጅሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም ደስ የሚል ጥያቄ ነው። እጅሽን አናትሽ ላይ ስታደርጊ ከአንገትሽ የሚወጣው ነርቭ ይላላል፤ መወጠሩ ይቀንስለታል። እኛ ታማሚ ስንመረምር ሆን ብለን እንደዚያ አስደርገን እናያለን። ቀለል ካለው ችግሩ ከአንገት ለመሆኑ አንድ ምልክት ነው። እናትሽን "የሐኪም ትዕዛዝ ነው" በያቸው። የለቅሶ መምሰሉ ግን እውነት ነው፤ እኔም የማክማቸው ብዙ እናቶች እምቢ ይሉኛል።

የአንገት አጥንት 7 ነው፤ የሚወጡት ነርቮች ግን 8 ጥንድ ናቸው። ከአምስተኛውና ከስድስተኛው አጥንት መሀል የሚወጣው ስድስተኛው ነርቭ ወደ አውራ ጣትና ወደ ሌባ ጣት ይሄዳል። የመሀል ጣት ቢሆን ሰባተኛውን፣ ትንሿ ጣት ብትሆን ስምንተኛውን እጠረጥር ነበር። ያንቺ የደነዘዘው ጣትና ኤምአርአዩ ይስማማሉ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ምንም ሳያመው በኤምአርአይ ላይ የወጣ ዲስክ ይታይበታል።

"የወጣ ዲስክ በስፖርት ይመለሳል?" ላልሽው፦ ስፖርቱ ገፍቶ አይመልሰውም። የወጣውን ቁራጭ በወራት ውስጥ ሰውነት ራሱ እየበላ ያሟሽሸዋል። ነርቩ ዙሪያ ያለው እብጠትና ቁጣም ይበርዳል። የኛ ሥራ ያ እስኪሆን ድረስ ነርቩ እንዳይነካካ ማድረግና ጡንቻሽ እንዳይሟሽሽ መጠበቅ ነው። አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሻለዋል። መጀመሪያ የሚለቀው ሕመሙ ነው። ድንዛዜው ወደ ኋላ ይቀራል፤ እሱን እያየሽ "አልዳንኩም" እንዳትዪ።

ሥራሽ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀጥ ስትዪ አጥንቱ ይሸከመዋል፤ ስታቀረቅሪ ግን ሸክሙ በሙሉ ማጅራትሽ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ወደ ጨርቁ አትውረጂ፤ ጨርቁን ወደ ዓይንሽ አምጪው። ጭንሽ ላይ ሁለት ጠንካራ ትራስ ደርቢና ክርንሽን አሳርፊበት፤ ጥልፉን እደረትሽ አካባቢ ያዢው። መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ ዱካ ላይ አይሆንም። በየ20 እና 30 ደቂቃው ተነሺ። መነጽር የሚያስፈልግሽ ከሆነም ታዪው፤ በ41 ዓመት የቅርብ እይታ መድከም ይጀምራል፤ ሰው ሳያውቀው አንገቱን የሚደፋው ለዚህም ነው።

አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ልስጥሽ፣ ቀሪውን የምታክምሽ ፊዚዮ አይታሽ ትጨምርልሽ። ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። ፊትሽ ፊት ለፊት እያየ አገጭሽን ቀጥታ ወደ ኋላ ሳቢው፤ መጥፎ ሽታ ሲመጣ እንደምንሸሸው። አታቀርቅሪ፣ አታንጋጥጪም። 5 ሰከንድ ያዢውና ልቀቂ። 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራቴ። መለኪያው ይሄ ነው፦ ሕመሙ ከጣትሽ ወደ ክርንሽ፣ ከክርንሽ ወደ ትከሻሽ እየሸሸ ከሄደ፣ አንገትሽ ላይ ትንሽ ቢብስም እንኳን ጥሩ ነው። ወደ ጣትሽ እየወረደ ከሄደ ግን አቁሚው።

ኮላርን በተመለከተ ወንድማችን ሹፌሩ ትክክል ነው፣ ግን ኮላር ጠላት አይደለም። በፈረንጆቹ 2009 የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት ሕመሙ በጀመራቸው በመጀመሪያው ወር ውስጥ ያሉ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ለጥቂት ሳምንት ኮላር አድርገው ያረፉትም፣ ፊዚዮቴራፒ የሠሩትም በስድስት ሳምንት ውስጥ ዝም ብለው ከጠበቁት የበለጠ ቀለላቸው። በስድስት ወር ግን ሦስቱም እኩል ሆኑ። አንቺ ሁለት ወር ስላለፈሽ ኮላር አልመክርሽም።

የመርካቶው፦

የምን ስድስት ሳምንት ነው? እኔ ወገቤን ወጌሻ በአንድ ቀን ነው ያቃናልኝ። ጠብ አድርጎ መለሰው፣ በእግሬ ወጣሁ። ሐኪም ቤት ገንዘብ መጨረሻ ነው።

ፊዚዮ ከጎንደር፦

ወንድሜ፣ እንኳን ተሻለህ። ወጌሻን አልንቅም፣ አያቴም ወጌሻ ነበሩ። ግን ወለምታ ሌላ፣ ነርቭ የተጫነበት አንገት ሌላ ነው። አንገት ውስጥ ከአጥንቱ ጋር ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሁለት ቧንቧዎች ያልፋሉ። በድንገት ሲጠመዘዝ ቧንቧው ሊሰነጠቅና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን አይመለስም። የወጣው ዲስክም በጥምዘዛ የባሰ ሊወጣ ይችላል። እህቴ፣ ትከሻሽን በቅቤ ቢያሹልሽ ግድ የለኝም። አንገትሽን ግን ማንም "ቋ" እንዳያደርገው። ፀጉር ቤት ውስጥ አንገት የሚሰብሩትንም ጨምሬ ነው።

ፋርማሲስቷ፦

ጎረቤትሽ "የነርቭ መርፌ" የምትለው የቫይታሚን ቢ መርፌ ነው። ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ነው። ቢ12 ለጎደለው ሰው በጣም ይጠቅማል፤ ለምሳሌ ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ የስኳር ታማሚ ሊጎድለው ይችላል። ዲስክ የተጫነውን ነርቭ ግን አያላቅቀውም። ቢ12 ካልጎደለሽ ገንዘብሽን ለፊዚዮቴራፒ አስቀምጪው።

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከምግብ በኋላ፣ ለአጭር ጊዜ ይረዳሉ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ካለሽ ሐኪም ሳታማክሪ አትንኪያቸው። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድማ ጨጓራን መፈለግ ነው። ዳይክሎፌናክ በየቀኑ በመርፌ የሚወጉ ሰዎች አሉ፤ ጨጓራና ኩላሊት ግን በመርፌ ገባም በአፍ ገባ አይለይላቸውም።

ለሚነዝረው ዓይነት ሕመም ሐኪሞች ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን ወይም ማታ ማታ በትንሽ መጠን አሚትሪፕቲሊን ያዛሉ። ለሁሉም ሰው አይሠሩም። እንቅልፍና ማዞር ያመጣሉ፤ ሹፌሮች ልብ በሉ። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ተሻለኝ ተብሎ በአንድ ጊዜ አይቋረጡም፤ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሱት። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው እብጠት የሚያበርድ የስቴሮይድ ክኒን ደግሞ ለጥቂት ቀናት የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፤ ስኳርና ግፊት ስለሚጨምር ከጓደኛ ተበድራችሁ እንዳትወስዱት።

ከሜሪላንድ፦

እዚህ እኔን በመጨረሻ መርፌ ሰጡኝ። የቫይታሚን ሳይሆን፣ በራጅ እያዩ ነርቩ አጠገብ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ነው። ከመውሰዴ በፊት ሦስት ገጽ አስፈረሙኝ። በጣም አልፎ አልፎ ሽባነትና ስትሮክ ሊያስከትል እንደሚችል ተጽፏል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2014 ይህንኑ ማስጠንቀቂያ መድኃኒቶቹ ላይ እንዲጻፍ አዟል። እኔ ፈርቼ አንድ ሳምንት አዘገየሁት። ከወሰድኩ በኋላ ለሁለት ወር ያህል እፎይ አልኩ፣ በዚያ መሀል እንቅስቃሴውን በደንብ ሠራሁ። መርፌው አዳነኝ አልልም፤ ጊዜ ገዛልኝ። ያለሱ የሚሻልሽ ከሆነ አትቸኩዪ።

አንገት መሳቢያውንም ሞክሬዋለሁ። በር ላይ ተሰቅሎ በከረጢት ውሃ የሚስበውን። ለእኔ አልሆነም፣ ጓደኛዬ ግን ይምልበታል። መጀመሪያ ባለሙያ ቢሞክርልሽ ነው የሚሻለው።

የአባቷ ልጅ፦

የሁላችሁም ጥሩ ነው፣ ግን የአባቴን ልንገራችሁ። እሳቸውም "አንገቴን ነው" እያሉ ስድስት ወር ቆዩ። ከዚያ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃታቸው። ቀጥሎ "መሬቱ ጥጥ ሆነብኝ" እያሉ መንገዳገድ ጀመሩ። እኛ እርጅና ነው ብለን ዝም አልን። ለካ የተጫነው ነርቩ ብቻ ሳይሆን ህብለ ሰረሰራቸው ነበር። ኦፕራሲዮን ተደረጉ፤ መራመዱ ተመለሰ፣ ጣታቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ፊዚዮ ከጎንደር፦

ይሄን ስለጻፍሽ እግዜር ይስጥልኝ። ስድስት ሳምንት ጠብቂ የምንለው እነዚህ በሌሉበት ነው፦ ሁለቱም እጅ መደንዘዝ ከጀመረ፣ እንደ አባትሽ ቁልፍና እርምጃ ካስቸገረ፣ ሽንት መያዝ ካቃተ፣ ስታቀረቅሪ ንዝረቱ በጀርባ ወደ እግር ከወረደ፣ ወይም ክንድሽ ከቀን ወደ ቀን እየሰነፈ ከሄደ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። በኛ አገር አንድ ሌላ አለ፤ የአከርካሪ ቲቢ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ከአንገት ሕመም ጋር ከመጣ ፊዚዮቴራፒ አይደለም የሚያስፈልገው።

ጥልፍ ሠሪዋ፦

እነዚህ የሉብኝም፣ ተመስገን። ቆይ ግን፣ ሌሊት ሌሊት ጣቴ ደንዝዞ ይቀሰቅሰኛል። እጄን አራግፌ ነው የምተኛው። ይሄም ከአንገቴ ነው?

ፊዚዮ ከጎንደር፦

ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ሌሊት እየቀሰቀሰ እጅ የሚያስራግፈው ብዙ ጊዜ የእጅ አንጓ ላይ የሚጫን ሌላ ነርቭ ነው። መርፌና መቀስ ለሚይዝ ሰው አይገርምም። ሁለቱ አብረው የሚኖሩበት ጊዜ አለ። ለሐኪምሽ ንገሪው፤ የእጅ አንጓሽን መታ መታ አድርጎና አጥፎ ያየዋል። እስከዚያ ማታ ስትተኚ አንጓሽ እንዳይታጠፍ ቀጥ አድርገሽ በለስላሳ ጨርቅ ላላ አድርገሽ እሰሪው።

ጥልፍ ሠሪዋ (ከሰባት ሳምንት በኋላ)፦

ምን ሆነች እንዳትሉ መጣሁ። የአንጓው ነገር እውነት ነበር፤ ሐኪሙ የሌሊት መደገፊያ ሰጠኝ፣ አሁን አልቀሰቀስም። የአንገቱ ሕመም ከክርኔ በታች ጠፍቷል። ትከሻዬ ላይ ማታ ማታ ይጎበኘኛል። አውራ ጣቴ አሁንም ወፍራም ጨርቅ የለበሰ ይመስለኛል፣ መርፌው ሲወጋኝ ግን አወቅኩት፤ ጮህኩ፣ ደስም አለኝ። ጀሪካን የሚያነሳው አሁን ልጄ ነው። እህቴ ወጌሻውን ቀጥራው ነበር፣ ትከሻዬን ብቻ አሽተው ሄዱ። እናቴ ደግሞ እጄን አናቴ ላይ ሳደርግ ዝም ትላለች፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።