1.35 ለ0.5 ሲካፈል ለምን 2.35 ይሆንብናል?

ሐዋሳ ውስጥ 6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቹ 58 ናቸው፤ ሙሉ ቁጥር ማካፈል አይቸግራቸውም። 7.2 ÷ 0.3 ስሰጣቸው ሁለቱንም በ10 አባዝተው 72 ÷ 3 = 24 ይላሉ።

4.2 ÷ 0.06 ሲመጣ ግን የተካፋዩን ነጥብ አንድ ቤት፣ የአካፋዩን ሁለት ቤት ያንቀሳቅሱና 42 ÷ 6 = 7 ይጽፉ ነበር። ይህን በገመድ አቃናሁት፦ 4.2 ሜትር 420 ሴንቲሜትር ነው፤ በ6 በ6 ሴንቲሜትር ሲቆረጥ 70 ቁራጭ ይወጣዋል። «ተካፍሎ እንዴት ይበዛል?» የሚለውም በዚያው ተፈታ።

ያቃተኝ ቀሪው ነው። 1.35 ÷ 0.5ን በትክክል 135 ÷ 50 ያደርጉታል፤ 2 ደርሶ 35 ይቀራል፤ ከዚያ 2.35 ብለው ይጽፋሉ። መልሱ 2.7 ነው። በቀሪው ላይ ዜሮ ጨምረው 350ን ለ50 እንዲያካፍሉ አሳየኋቸው፤ ሰሌዳ ላይ ይሠሩታል፣ በማግስቱ ደብተር ላይ ያው 2.35 ነው። 2.35 × 0.5 = 1.175 መሆኑን እያባዙ እንዲያረጋግጡም አደረግሁ፤ መሳሳታቸውን ያያሉ፣ ምክንያቱ ግን አይታያቸውም። ገመዱ ደግሞ እዚህ ላይ ጭራሽ አባባሰው፤ «2 ቁራጭና 35 ሴንቲሜትር» ማለት ስህተት አይደለማ!

ቀሪው 35 ከ100 ሳይሆን ከ50 ላይ የሚታይ ክፍልፋይ መሆኑን፣ በእጅ በሚዳሰስ ምን ነገር ላሳያቸው?