ያገለገለ የቲዩብ ጊታር አምፕ ሱቅ ሄዶ ለመሞከር ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

ጠያቂ፦ ባለ ስድስት ክር

ሰላም ለሁላችሁም። በሰፈራችን ያለ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ፌንደር ሆት ሮድ ዴሉክስ አምፕሊፋየር ለሽያጭ አቅርቧል። ባለቤቱም የራሴን ጊታር ይዤ ሄጄ እንድሞክረው ፈቅዶልኛል። እስካሁን የተጫወትኩት በትራንዚስተር አምፕ ብቻ ስለሆነ፣ ቲዩብ (ድምፁን የሚያጎላ የመስታወት አምፖል መሰል ክፍል) ያለውን ስሞክር ምን ማዳመጥ፣ ምን ማየትና ምን መጠየቅ እንዳለብኝ በቅጡ አላውቅም። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በምሽት ክበብ ነው፤ ከትዝታና ከአንቺሆዬ ጀምሮ እስከ ጭክጭካ ድረስ እንጫወታለን፤ ጊታሬም ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበል ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ያለው ነው። ከአምፑ ጀርባ 120 ቮልት የሚል ተጽፏል፤ ሻጩ ግን «ትራንስፎርመር አብሬ እሰጥሃለሁ፣ አታስብ» ብሎኛል። ይህ ይበቃል? የአምፑ 40 ዋትስ ለክበብ አያንስም?

መላሽ፦ ሬዲዮ ጠጋኝ

40 ዋት አያንስም፤ የዚህ አምፕ ችግር እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ቮልዩሙ ሁለትና ሦስት ላይ ሲደርስ ድምፁ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ ትንሽ ክበብ ከሆነ ከዚያ በላይ ላያስኬድዎት ይችላል።

ከድምፁ በፊት ግን ኤሌክትሪኩን ያጣሩ። የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ሲሆን፣ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ሻጩ የሚሰጥዎት ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ስለዚህ የአምፑ የራሱ ፓወር ትራንስፎርመር እዚህ ሲሠራ ከለመደው በላይ መሞቁ አይቀርም። አምፑ የሚወስደው ዋት ከጀርባው ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ማውረጃው (ሻጩ የሚሰጥዎት ትራንስፎርመር) ከዚያ እጥፍ ያህል መሸከም የሚችል ቢሆን ይመረጣል። ከሁሉም በላይ ማውረጃው የግራውንድ (የመሬት መስመር) ሽቦ ያለው መሆኑን ይመልከቱ፤ የአሜሪካው መሰኪያ ሦስተኛ እግር አልገባ ሲል የሚቆርጡት ሰዎች አሉና ገመዱንም ይፈትሹ። ግራውንድ በሌለው አምፕ ጊታር ይዞ ማይክራፎን በከንፈሩ የሚነካ ሰው በኤሌክትሪክ ሊመታ ይችላል፤ አደጋው ለሕይወት ነው።

ሱቅ ሲደርሱ በመጀመሪያ ከጀርባው ጎንበስ ብለው ይዩት። ሁለት ትልልቅ 6ኤል6 ቲዩቦችና ሦስት ትንንሽ 12ኤኤክስ7 ቲዩቦች አሉት። ፓወሩን አብርተው ስታንድባዩን (ቲዩቦቹ እስኪሞቁ ድምፁን የሚያቆየውን ሁለተኛ ማብሪያ) ከመክፈትዎ በፊት አንድ ደቂቃ ያህል ይታገሡ። በቲዩቦቹ ውስጥ የሚታየው ብርቱካናማ ፍም ጤናማ ነው፤ በትልልቆቹ መስታወት ላይ የሚታይ ሰማያዊ ብርሃንም አያስደንግጥዎ። በቲዩቡ ውስጥ ያለው ግራጫ የብረት ሳህን ራሱ እየቀላ ከመጣ ግን ወዲያው ያጥፉት። ትንንሾቹን በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርገው ቢነኳቸው፣ ያረጀው እንደ ደወል ይጮኽልዎታል። እጅዎን ግን ወደ ሻሲው (ሽቦዎቹ ወዳሉበት የብረት ሳጥን) ውስጥ አይስደዱ፤ ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ስፒከሩ ተነቅሎ ሳለም ፈጽሞ አያብሩት፤ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

ጉምጉምታ ከሰሙ ምንጩን ይለዩ። ጊታሩን ይዘው በቆሙበት ቀስ ብለው ሲዞሩ ጉምጉምታው የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ ከሲንግል ኮይሉ ነው። ጊታሩ ተነቅሎም ወፍራሙ ድምፅ ካልተቋረጠ፣ የፊልተር ካፓሲተሮቹ ደርቀው ሊሆን ስለሚችል የሚቀየሩበትን ወጪ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።

መላሽ፦ የባቲ ልጅ

ወንድሜ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ አጨዋወቱ ነው። ሱቅ ውስጥ አምፕ የሚሞክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው ብሉዝ ነው፤ ብሉዝ ደግሞ በዚህ አምፕ መጥፎ ሆኖ አይሰማም። አንተ ግን የምትሞክረው ማታ የምትጫወተውን ይሁን። መጀመሪያ ንጹሑ ቻናል ላይ ሪቨርቡን (የገደል ማሚቶ የሚመስለውን ድምፅ) ጥቂት ከፍተህ ትዝታን ቀስ ብለህ ተጫወት፤ የግራ እጅህ ጣት ክሩን ሲያንቀጠቅጥ ድምፁ ሳይደበዝዝ ይከተልህ እንደሆነ አድምጥ። ቀጥሎ ድራይቩን (ድምፁን የሚያሻክረውን ቻናል) ከፍተህ አንቺሆዬ ተጫወት። በዚህ ቅኝት ውስጥ በግማሽ ድምፅ ልዩነት ብቻ የተጠጋጉ ድምፆች ስላሉ፣ አንዱ ሳይጠፋ ሌላው ከተመታ ድራይቩ ውስጥ ተጋጭተው ይንጫጫሉ። ይህ የአምፑ ብልሽት አይደለም፤ ነገር ግን ለአንተ ሙዚቃ ድራይቩን ምን ያህል መክፈት እንደምትችል የሚነግርህ እሱ ነው። በጭክጭካ ደግሞ አጭርና ደረቅ ምት እየመታህ ባሱ ጨፍግጎ እንዳይበላህ ተጠንቀቅ።

አምፑ መሬት ላይ፣ አንተ ደግሞ አጠገቡ ቆመህ ከሆነ ቀጭኑ ድምፅ በጉልበትህ በኩል ያልፍሃል። ወንበር ላይ አስቀምጠውና ጥቂት እርምጃ ራቅ በል፤ ብዙ ሰው የሚቆረቁር ድምፅ ያለው አምፕ ገዝቶ የሚሄደው ይህን ሳያደርግ ነው።

መላሽ፦ ከሜሪላንድ

ሐሳባችሁን አከብራለሁ፤ ሆኖም ንጹሕ ድምፅ ዋና ፍላጎቱ ለሆነ ሰው ቲዩብ ግዴታ አይደለም። ሮላንድ ከ1975 ጀምሮ የሚያመርተው ጃዝ ኮረስ 120 ትራንዚስተር ሆኖ ሳለ በንጹሕነቱ ዓለም ያወቀው ነው፤ ክብደቱ ግን እንደ ሬሳ ሳጥን ነው። ቲዩብ ያልቃል፤ ትልልቆቹ ሲቀየሩ ተመሳሳይ ሆነው የተመረጡ ጥንዶች መሆን አለባቸው፤ ባያሱንም (ቲዩቦቹ ሥራ ፈተው ሳሉ የሚያልፍባቸውን የኤሌክትሪክ መጠን) የሚያስተካክል ባለሙያ ያስፈልጋል። ከስሎቫኪያ የሚመጡት ጄጄ ቲዩቦች እዚህ በቀላሉ ይገኛሉ፤ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ካለህ ሳትጨነቅ አስመጣ፤ በልብስ ተጠቅልለው በሻንጣ ይደርሳሉ። ዘመድ ከሌለህ ግን ከመግዛትህ በፊት ሻጩ መለዋወጫ ያለው መሆኑን ጠይቅ።

ጠያቂ፦ ባለ ስድስት ክር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልቲሜትር ይዤ ሄጄ የማውረጃውን ቮልት ልለካ አስቤያለሁ። ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ስንት ቢያሳይ ልቀበለው?

መላሽ፦ ሬዲዮ ጠጋኝ

ባዶውን አይለኩት፤ አምፑ በርቶ እየሠራ እያለ ይለኩ። ከ115 እስከ 122 ባለው ውስጥ ከሆነ መልካም ነው፤ ከ125 ካለፈ ቲዩቦቹንም ትራንስፎርመሩንም ያደክማል። ደግሞ ሱቁ ውስጥ ጠዋት ያገኙት ቁጥር የክበቡ አይደለም። አመሻሽ ላይ ምጣድ በየቤቱ ሲጣድ መስመሩ ይወርዳል፤ ሌሊት ላይ ደግሞ ይወጣል። ስለዚህ ክበቡ ውስጥ ሶኬቱን በሁለቱም ሰዓት ይለኩና፣ ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ ካገኙት ከማውረጃው በፊት ስታቢላይዘር ያስገቡ።