«እልፍ» ስንት ነው? ሺህ ወይስ አሥር ሺህ?

ከከዚራ፣ ድሬዳዋ፦
አያቴ ቤታቸውን የሸጡበት አሮጌ ውል ከሣጥን ውስጥ ወጣ። ዋጋው በግእዝ አኃዝ «፼፭፻ ብር» ተብሎ፣ ከሥሩ ደግሞ «እልፍ ከአምስት መቶ» ተብሎ ተጽፏል። ቀፊራ ገበያ ሱቅ ያላቸው ዐረብኛ ተናጋሪ ጎረቤታችን «አልፍ ሺህ ነው፤ ቤቱ የተሸጠው በ1,500 ነው» አሉኝ። እናቴ በበኩሏ «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል» የሚለውን ተረት ጠቅሳ «ብዙ ማለት ነው እንጂ ቁጥር አይደለም» አለችኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

ከጁገል፣ ሐረር፦
ልጄ፣ ቤቱ የተሸጠው በ10,500 ብር ነው። ጎረቤታችሁ በዐረብኛው አልተሳሳቱም፤ የዐረብኛው አልፍ 1,000 ነው፣ የዕብራይስጡ ኤሌፍም እንዲሁ። የእኛው እልፍ የእነርሱ ዘመድ ቢሆንም ቁጥሩ 10,000 ነው።

አጻጻፉን ልብ ብለሽ ተመልከች። ፼ ሁለት ፻ ጎን ለጎን ተያይዘው የቆሙበት ምልክት ነው፤ መቶ ጊዜ መቶ። የግእዝ አኃዝ በመቶ በመቶ ስለሚራመድ ለሺህ የራሱ ምልክት የለውም፤ ሺህን ፲፻፣ አሥር መቶ ብሎ ይጽፈዋል። እልፍ ግን የመቶ ዳግም ርቢ ስለሆነ የራሱ ምልክት ተሰጠው። ይህ ውበት ሁልጊዜ ይገርመኛል። እልፍ ብርቱካን ቢኖርሽ መቶ በመቶ አድርገሽ አራት ማዕዘኑ እኩል በሆነ መደብ ላይ ትደረድሪዋለሽ፤ አንድም አይተርፍም፣ አንድም አይጎድልም። በሺህ ብርቱካን ግን አይሆንም፤ 31 በ31 ብትደረድሪ 39 ይተርፍሻል፣ 32 በ32 ብትይ 24 ይጎድልሻል።

አካፋዮቹንም ቁጠሪያቸው። 1 ከ10,000 ጋር፣ 2 ከ5,000 ጋር፣ 4 ከ2,500 ጋር እያሉ እስከ 80 እና 125 ድረስ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ፤ አሥራ ሁለት ጥንድ። መቶ ብቻውን ይቀራል፣ ጥንዱ ራሱ ነውና። በድምሩ 25። የአካፋዮቹ ብዛት ጎዶሎ የሚሆነው እንዲህ ዳግም ርቢ የሆነ ቁጥር ብቻ ነው።

ስለ ተረቱም፣ እናትሽን በአክብሮት እቃወማለሁ። የመጀመሪያው «እልፍ» አለፈ ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ በግእዝ ኀለፈ። ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። ሥራቸው የተለያየ ሁለት ቃላት በድምፅ ስለገጠሙ ነው ተረቱ ጆሮ የሚይዘው። በእርግጥ «ብዙ» የሚል ስሜት አለው፤ ብዙነቱን ያገኘው ግን ከቁጥሩ ነው።

ከከዚራ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መልስዎን አንብቤ ውሉን እንደገና ገለጥኩት። ከፊርማው በላይ ሁለት መስመር አለ፤ ከዚህ ቀደም አልፌው ነበር። «ቀብድ ፲፻፣ ቀሪ ፺፭፻» ይላል። አንድ ሺህ እና ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ። ደመርኩት፤ 10,500። ወረቀቱን ለጎረቤታችን ላሳያቸው ወደ ቀፊራ እየሄድኩ ነው።