የቦርድ ወንበር ጥያቄ፦ ረቂቅ 2

ጸሐፊ፦ ማኅበራችን ለዩኒቨርሲቲው የሚልከውን ደብዳቤ ረቂቅ ልኬላችኋለሁ። ጥያቄያችን አንድ ነው። በዩኒቨርሲቲው የጥቁር ሕዝቦች ጥናት ኢንስቲትዩት አማካሪ ቦርድ ውስጥ አንድ ወንበር ይሰጠን። እኛ ደግሞ የአማርኛ ኮርሱን ለሁለት ሴሚስተር እንደግፋለን። እስከ ዓርብ አስተያየት።

ገንዘብ ያዥ፦ አካውንታችን ላይ ያለው 9,400 ዶላር ነው። በዚህ አስተማሪ አይቀጠርም። አምና ለኢንስቲትዩቱ ገንዘብ ሰጥተን ስማችን መጥሪያ ካርዱ ላይ እንኳ አልወጣም። ወንበሩ በጽሑፍ ካልመጣ ቼክ አልፈርምም።

የአሌክሳንድሪያ አባል፦ የደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር «ኢትዮጵያውያንና ጥቁር ሕዝቦች» ይላል። «ና» እዚያ ምን ትሠራለች? እኛ ምንድን ነን?

ጸሐፊ፦ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሁለት ማኅበረሰብ ስለሆነ ነው።

የአሌክሳንድሪያ አባል፦ «እኛና እናንተ» ብለህ ወንበር ትለምናለህ? ልጄን ፖሊስ ሲያስቆመው አገርህ የት ነው አላለውም።

አንጋፋ አባል፦ እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ። «ና» አትነካም። ከተነካች ፊርማዬን አውጡ።

የታሪክ መምህሯ፦ ጋሼ፣ ኢትዮጵያዊነትዎን ማን ነካው? ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ዋሽንግተን ባለው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ ሃዋርድ፣ ሕክምና ሲማሩ እንዲህ አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1934 ከጥቁር አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ከፕሮፌሰር ሊዮ ሃንስቤሪ ጋር የኢትዮጵያ ምርምር ካውንስልን አቋቋሙ። ጣሊያን ሲወረን ጥቁር አሜሪካውያን ከኪሳቸው አዋጡልን። እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ዮርክ ላይ ለኢትዮጵያ ድጋፍ የሚያሰባስበው የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን የተመሠረተው በዚያ መንፈስ ነው።

አንጋፋ አባል፦ አንቺ ሳትወለጂ ስለ መላኩ በያን ከአባቴ ሰምቻለሁ። ታሪክ አታስተምሪኝ።

የአሌክሳንድሪያ አባል፦ ሰምተው ነው እንዲህ የሚሉት?

ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው አባል፦ እባካችሁ፣ ስለ ወንበሩ እንነጋገር። ዳይሬክተሩን የሚሾመው ዩኒቨርሲቲው ነው። አማካሪ ቦርድ ምክር ይሰጣል፣ ገንዘብና ሰው ያመጣል። በጀት አይወስንም። ኮርሱን የሚያጸድቁት መምህራኑ ናቸው። ደብዳቤው ለዳይሬክተሩም ለመምህራኑም ይሂድ።

ጸሐፊ፦ «ና» ላይ ድምፅ እንስጥ?

ገንዘብ ያዥ፦ በአንድ ፊደል ሦስት ቀን አለፈ!

አንጋፋ አባል፦ ትናንት ተቆጥቻለሁ። ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ሃንስቤሪ እ.ኤ.አ. ከ1922 እስከ 1959 ሃዋርድ አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ተቀብለዋል። ለእሳቸው ምን ሠራን? የመታሰቢያ ምሽት እናድርግላቸው።

የታሪክ መምህሯ፦ እኔም አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ። ምሽቱ ላይ ንግግሩን አዘጋጃለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ አዳራሽና እራት ከሆነ ገንዘቡ ይበቃል። ለዚህ እፈርማለሁ።

የአሌክሳንድሪያ አባል፦ ኮርሱስ?

ጸሐፊ፦ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይግባ። ወንበሩም እዚያው። መጀመሪያ ምሽቱ ይቅደም። «ና» ለጊዜው በቅንፍ ትቆይ። ደብዳቤውን ወደ እንግሊዝኛ እተረጉማለሁ ያለው ልጅ ስልክ አያነሳም። ያገኘው አለ?

ገንዘብ ያዥ፦ አዳራሹ 500 ዶላር ቀብድ ይፈልጋል። ቅዳሜ ማን ይዞ ይሄዳል?